ግድግዳው ዝም እንዳይልባቸው

ክረምት በገባ ቁጥር፣ ገመድ ላይ የረሳሁት ባና ዝናብ ሲመታው፣ ያ የራሰ የበግ ጠጉር ሽታ ገና ደጃፍ ሳልደርስ አፍንጫዬን ይዞ ቀጥ አድርጎ ሰቆጣ ይወስደኛል። ሌላው ሰው ልጅነቱ ትዝ የሚለው በደህና ሽታ ነው፤ በአደይ አበባ፣ በአዲስ ደብተር፣ በእናቱ የፀጉር ቅቤ። የእኔ ዕጣ እርጥብ ብርድ ልብስ ሆኖ አረፈው፤ ምን ይደረጋል! ባለቤቴ «ይኼን አሮጌ ነገር ለምን አንጥለውም?» ይለኛል። እሱ ያደገው ሐዋሳ ነው፤ ከበሮ እየተመታ፣ ላብ በላብ እስኪሆን እየዘለለ ነው የዘመረው፤ ባና ለመዝሙር ምን እንደሚሠራ ብነግረውም አይገባውም። ስለዚህ ባናውን አጥፌ እመልሰዋለሁ፣ እሱም ይተወዋል።

አባቴ ጎጃሜ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ሰቆጣ ሲመደብ ጌታን ከተቀበለ ቆይቷል። እናቴ ጥሩወርቅ ደግሞ እዚያው ሰቆጣ አጠገብ ያለችው የዝቋላ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው፣ አማርኛውን በኋላ ለመደችው፤ ስትቆጣና ስትጸልይ ግን ወደ ኽምጣኛዋ ትመለሳለች። አባቴ ፍየል ሊከትብ ወደ አገሯ ወርዶ ነው ያገኛት፤ «መርፌ ይዤ ሄጄ እኔው ተወግቼ ተመለስኩ» እያለ ሲስቅ እሷ በእፍረት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግ ነበር። ያመነችው በእሱ ስብከት ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ እንድናወራ የፈለገውም እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት እንዳንቸገር ብሎ፤ በዚህ ምክንያት እኔና ታናሽ ወንድሜ ናሆም የእናታችንን ቋንቋ ጆሯችን ያውቀዋል እንጂ ምላሳችን አያውቀውም።

የተከራየነው ለሁለት የተከፈለ የድንጋይ ቤት ነበር፤ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የእማሆይ ለተብርሃን። እማሆይ የአከራያችን ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የጫኑ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ ኮቴያቸው የማይሰማ መነኩሲት። በእኛና በእሳቸው መካከል ያለው አንድ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፣ እሱም መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል።

እሑድ አመሻሽ ላይ፣ ከብቱ ሲገባና ሰፈሩ በጫጫታ ሲሞላ፣ ቤታችን ይዘጋል። አባቴ ባናዎቹን ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በበሩና በመስኮቱ ላይ ይሰቅላቸዋል። የራሰ ሱፍ ድምፅ ይይዛል ብሎ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ግን እንደ ዶግማ ነበር የያዘው። አንድ መምህርና አንዲት ነርስ፣ ሁለቱም እንደ አባቴ በሥራ ተመድበው ከሌላ አገር የመጡ፣ እንዲያው ሊጠይቁን የመጡ መስለው ይገባሉ። ከዚያ በሹክሹክታ እንዘምራለን።

ሹክሹክታ ስል ዝግ ባለ ድምፅ ማለቴ አይደለም፤ ድምፅ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ትንፋሽ ብቻ የሆነ መዝሙር ነው። ጭብጨባው በሁለት ጣት መዳፍ ላይ ነው። እልልታ በሹክሹክታ አይሆንም፤ እናቴ ግን ታደርገው ነበር፣ አፏን ከፍታ ምላሷን ታወዛውዛለች፣ የሚወጣ ነገር የለም። አስቡት እስቲ፤ የኩራዝ ብርሃን፣ ጠብ ጠብ የሚል ባና፣ አፋቸውን በሰፊው የከፈቱ ትልልቅ ሰዎች፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ቤቱ ግን ጭጭ። ናሆም ፈርቶ እናቴ ነጠላ ውስጥ ይገባል። እኔ ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም አባቴን ሳይ ሳቄ ይመጣ ነበር፣ ዜማ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፣ በሹክሹክታ ግን ማን ሊያውቅበት! አንድ ቀን መንግሥተ ሰማይ ምን ዓይነት ቦታ ነው ብዬ ብጠይቀው ስለ ወርቅ መንገድ የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር፤ «ጮክ ብለን የምንዘምርበት ነው» አለኝ።

በሕግ የከለከለን አልነበረም፣ ግን ሕጉ አዲስ አበባ፣ እኛ ሰቆጣ። ጴንጤ መሆናችን ከታወቀ አከራያችን ያስወጣናል፣ ሌላ የሚያከራየን የለም፣ ቦኖው ዘንድ ሰልፍ ላይ የሚያስጠጋን የለም፣ ሞት የመጣብን እንደሆነ ደግሞ የሚቀብርልን የለም። ስለዚህ እናቴ ረቡዕና ዓርብ ከሽሮ በቀር አትሠራም፤ አባቴ «እኛ ጾም ስንገድፍ የምንኮነን ሳይሆን ሽታው የሚያስኮንነን ሰዎች ነን» እያለ ይቀልድ ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሹክሹክታ ነበር። እኛ ስንጀምር ይጀምራል፤ እኛ ካበቃን በኋላም ይቆያል። የሚለው አይለይም፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ትንፋሽ የማይወስድ የሚመስል ማንሾካሾክ። በበጋ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ከስንጥቁ ውሃ ወደ እኛ ይወርዳል። ናሆም «ግድግዳው አለቀሰ» ይላል። አባቴ በጨርቅ ይጠርገውና «እርጥበት ነው፣ ተኙ» ይለናል፤ ግን ዓይኑና የእናቴ ዓይን ሲጋጩ አይቻለሁ። ትንሽ ከፍ ስል ገባኝ፤ እማሆይ ጸሎት እየደገሙ ጠበል ይረጩብን ነበር። እንግዲህ አውቀውብናል ማለት ነው። አንድ ቃል ለወንድማቸው ቢናገሩ ዕቃችን መንገድ ላይ ነው፣ ግን አልተናገሩም። አባቴ «ጌታ አፋቸውን ዘግቶ ነው» ይላል። መንገድ ላይ ሲያገኙን ሰላምታ አይሰጡም፤ እኔን ግን ቆም ብለው ያዩኛል፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ እኔም ሮጬ እገባለሁ።

እናቴ የራሷ መዝሙር ነበራት። በኽምጣኛ ራሷ ያወጣችው ነው፣ እንጀራ ስታቀርብም ጠጉሬን ስትሠራኝም በዚያው በሹክሹክታ ትለዋለች፤ ብቻዋን ስትሆን እንኳ ድምፅ አውጥታ አልዘመረችውም፣ ለምዶባት። ትርጉሙን ስጠይቃት መጀመሪያውን ብቻ ነገረችኝ፤ ተከዜ ሲሞላ እጄን አትልቀቅ ማለት ነው አለችኝ። በልጅነቷ ወንዙ የወሰደው ወንድም ነበራት።

ከዚያ ታመመች። ከሆዷ ጀመራት፤ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጧት፣ ነርሷ እኅታችን ማታ ማታ እየመጣች መርፌ ወጋቻት፣ መምህሩና አባቴ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት፣ እሷ ግን እየከሳች ሄደች። አልጋዋ ከግድግዳው ሥር ነበር። ቀን አባቴ መስክ ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በኽምጣኛ ስታወራ አገኛታለሁ። ትናገራለች፣ ዝም ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትናገራለች፣ አንዴ ስትስቅም ሰምቻታለሁ። ለአባቴ ስነግረው «ትኩሳቱ ነው ልጄ» አለኝ፤ ፊቱን ግን ሌላ ሐሳብ አጠቆረው።

ሞትን ፈርታ አልነበረም። ስለ ትንሣኤ ከአባቴ ይልቅ እሷ ነበረች አጥብቃ የምታምነው። የፈራችው ቦታውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቦታ የለንም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ማንም ያልተቀበረበት ቋጥኝና ቁጥቋጦ ብቻ ያለበት ተዳፋት አለ፣ የሚቀረን እሱ ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ምሽት የተኛን መስሏቸው ሲነጋገሩ ሰማኋት።

«እዚያ ብቻዬን ትጥሉኛላችሁ?»

«አንቺ እኮ እዚያ አትሆኚም፣ ጥሩዬ። እዚያ የሚቀረው ሥጋ ነው። አንቺ ጌታ ዘንድ ነሽ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ነፍሴ አትፈራም። ሥጋዬ ግን የእኔ አይደል? ሰው በሌለበት ሲያድር ሥጋዬ ይፈራል።»

አባቴ መልስ ነበረው፤ እሱ ለሁሉም መልስ ነበረው። ያን ምሽት ግን እግሯን ሲያሽ ቆየ።

ተዳፋቱ ላይ ቀበርናት። መቃብሩን አባቴና መምህሩ፣ ሌሎች ሁለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ተጨምረው ቆፈሩ፤ ድንጋይ ስለሆነ ቶሎ አልገፋም። የሰፈር ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያል፣ የሚቀርብ የለም። ከዝቋላ ዘመዶቿ በእግራቸው ደርሰው አለቀሱ፣ ደረታቸውን ደቁ፣ አባቴን ግን ዓይኑን ማየት አልፈለጉም፤ በማግሥቱ ሄዱ። እዚያ በመቅበራችን ምሥጢራችንም ያን ቀን አበቃ፤ አከራያችን ሐዘኑ እስኪወጣልን ታገሰንና ቤት ፈልጉ አለን። እማሆይ አልመጡም። አባቴ አፈር ከመመለሱ በፊት ቆሞ በትንሽ ድምፅ ሰበከ፤ «እዚህ የለችም» አለ፣ ደጋግሞ፤ «ጥሩወርቅ እዚህ የለችም።» እኔ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ከሌለች እንግዲያ ቤት ሄዳለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ለዚህ ነው ግድግዳው ሲዘምር ያልደነቀኝ። ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት በአንዱ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ፣ እኔና ናሆም የተረፈ ሽሮ ስንበላ፣ ከስንጥቁ ትንፋሽ መጣ። የእማሆይ ጸሎት አይደለም። የእናቴ መዝሙር ነው፤ በኽምጣኛ፣ በዚያው በሹክሹክታ፣ እናቴ የምትጎትተው ቦታ ላይ እየጎተተ፣ እናቴ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ ትንፋሽ እየወሰደ። ናሆም ቁራሹን እንደያዘ «እማዬ ገባች» አለ፣ ከገበያ የተመለሰች ይመስል። እኔ ፈራሁ፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁለታችንም ግድግዳው ሥር ሄደን ጉንጫችንን ጭቃው ላይ አደረግን። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ይተነፍሳል።

በየአመሻሹ መጣች። ለአባቴ አንነግረውም፤ ሳንማከር ነው የተስማማነው። ሙታን እንደማይመለሱ፣ የሞተ ሰው መስሎ የሚመጣው ርኩስ መንፈስ እንደሆነ፣ ሙታን ጠሪ ዘንድ የሄደው ንጉሥ እንዴት እንደተዋረደ፣ ይኼን ሁሉ ከአፉ ተምረነዋል። አውቀነዋል። እናታችንን ግን ፈልገናታል። ናሆም የምሳ ቁራሹን እየቆረሰ ስንጥቁ ውስጥ ይከትላት ጀመር፣ ጧት ስናይ የለም፤ አይጥ ይሁን ሌላ አልጠየቅንም።

አንድ ቀን አባቴ በጊዜ ገባ። መዝሙሩ መሐል ላይ ነው። በሩ ላይ ቆመ፤ ቦርሳው ከእጁ ወደቀ። መጀመሪያ ያለውን ሰምቻለሁ፣ በሕይወቴ ሙሉ የሚሰማኝም እሱ ነው። ልጅ አባባ እንደሚል በቀጭን ድምፅ፣ «ጥሩዬ?» አለ። አንድ እርምጃም ወደ ግድግዳው ሄደ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ይመስል ራሱን ነቀነቀ፣ እኛን ከግድግዳው ላይ መንጭቆ ወደ ኋላው አደረገንና፣ በዚያ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ በማያውቅበት ቤት፣ አጥንት በሚሰብር ድምፅ ጮኸ። «በኢየሱስ ስም! አንተ ጋኔን፣ ዝም በል! ከልጆቼ ላይ ውጣ!»

መዝሙሩ ቃል መሐል ላይ ተቆረጠ። አላለቀም፤ ተቆረጠ። ከዚያን ቀን ወዲያ ግድግዳው ፀጥ አለ። መዝሙሩም፣ የእማሆይ ጸሎትም፣ ውሃውም ቀረ። እኔ በየአመሻሹ ጆሮዬን ለጥፌ እጠብቃለሁ፤ ጭቃ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ዝውውር አገኘና ወደ ደሴ መጣን፤ ስለዚያ ነገር ደግሞ ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም። አድጌ ሰንበት ትምህርት አስተማሪ ስሆን ሕፃናት «ሙታን ይሰሙናል እንዴ?» ይሉኛል፤ ትክክለኛውን እነግራቸዋለሁ፣ ድምፄ ግን ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጋኔን ከነበረ፣ እኔ ጋኔን ወድጄ ነበር ማለት ነው፤ እናቴ ከነበረች ደግሞ አባቴ እሷን በጌታ ስም አባሯታል። ከሁለቱ የትኛውን ልመን?

ከዓመታት በኋላ ነርስ ሆኜ ለክትባት ዘመቻ ሰቆጣ ሄድኩ። ቤቱ ቆሟል። እማሆይ ለተብርሃን በራፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሰላም ልላቸው ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ እስቲ፣ አትናገሪ። ተንፍሺ።» ተነፈስኩ። «የጥሩወርቅ ልጅ!» አሉ። «ምነው ቀረሽ እቴ፣ ይህን ያህል?»

እንዴት እንዳወቁኝ ስጠይቃቸው ሳቁ። «ስንት ዓመት በጆሮዬ ያሳደግኋችሁ! መጀመሪያማ ሰይጣን መስሎኝ ነበር። ሰው በአፉ ይዘምራል እንጂ እንዲህ ፉስ ፉስ ይላል? ጮክ ብላችሁ ብትዘምሩ የአምላክ ስም ሲጠራ እሰማና እተኛ ነበር። እኔ ስሾካሾክባችሁ፣ እናንተ ስትሾካሾኩብኝ ኖርን።»

እኛ እሳቸውን ፈርተን፣ እሳቸው እኛን ፈርተው! ሳቅሁ፣ ሳቁም መሐል ላይ ጥሎኝ ሄደ፤ ምክንያቱም እማሆይ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«ኋላ እናትሽ ታማ ከግድግዳው ሥር ስታቃስት ሰማሁና በኽምጣኛ ማነሽ አልኳት። እኔ ነኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስናወራ ነው የምንውለው፣ አባትሽ ሲወጣ። ያን መዝሙር ያስያዘችኝ እሷ ናት። እኔ ስሄድ ልጆቼ ይፈራሉ፣ ግድግዳው ዝም እንዳይልባቸው፣ አደራዎን አለችኝ። እኔ ቆብ የጫንኩ ሴት! ግን አደራ ነው፣ የምትሞት ሴት አደራ። ምን ላድርግ ልጄ?»

መነኩሲት የጴንጤ መዝሙር ትዘምራለች ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያን ዘመን ሰቆጣ ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ራሱን ጠበል ይወስዱት ነበር። አባቴ እንዴት ያስበው? እኔስ?

«አባትሽ ጋኔን ሲለኝ ክው አልኩ» አሉ እማሆይ። «እውነቱን ቢሆንስ ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። እሳቸውም፣ ከዚያ ግድግዳ ራቂ አሉኝ። ራቅሁ። ከመቃብሩ ራቂ ግን አላሉኝም።»

«መቃብሯ ጋ ሄዱ?»

«ታዲያ የት ልሂድ? ልጆቿን ተከለከልኩ፣ እሷን ግን ማን ከለከለኝ? እንጨት ለቅሜ ስመለስ እዚያ ቁጭ እልና እዘምርላታለሁ፣ ፀሐይ እስክትገባ። ብቻዋን እኮ ናት፤ ሥጋዬ ይፈራል ብላኛለች። ዓይኔ እስኪጠፋ አላስታጎልኩባትም።»

እንዲዘምሩልኝ ለመንኳቸው። ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ዙሪያቸውን በጆሯቸው ቃኙ፣ ጀመሩም፤ ያለ ድምፅ። ከእናቴ የተማሩት በሹክሹክታ ስለሆነ ሌላ አያውቁትም። አባቴ የቆረጠው ቦታ ሲደርሱ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አልፈውት ሄዱ። በልጅነቴ የናፈቀኝን መጨረሻ በመጨረሻ ሰማሁት፣ ቃሉ ግን አልገባኝም። ያስተርጉሙልኝ ለማለት አፈርኩ፤ ነገ ተመልሼ እጠይቃለሁ አልኩ፣ ነገ ግን ዘመቻው ወደ አበርገሌ ወሰደኝ፣ በሌላ ዓመት ደግሞ እማሆይ አረፉ።

ዛሬ ሰቆጣ ላይ አማኞቹ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ከበሮና ድምፅ ማጉያ አላቸው አሉ፤ ጎረቤት የሚያማርረው አሁን በጫጫታው ነው። ደስ ይለኛል፣ እንዴት አይለኝም። ያ መዝሙር ግን በዚህ ምድር ላይ አንድ ቀን እንኳ በድምፅ ሳይዘመር ቀረ፤ ከሁለት ሴቶች ሌላ የያዘው ሰው አልነበረም፣ እኔ ዘንድ የተረፈው ትንፋሹ ነው። ባናው ሲረጥብ አንዳንዴ ልሞክረው አፌን እከፍታለሁ። ተከዜ ሲሞላ እጄን አትልቀቅ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

ለአባቴ የነገርኩት ከሰቆጣ የተመለስኩ ዕለት ነው። አርጅቷል፣ ጡረታ ወጥቷል፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው፤ ቀብር ላይ ዛሬም «እዚህ የለችም፣ እዚህ የለም» ብሎ ነው የሚሰብከው። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ሰማኝ፤ «ጋኔን» ብሎ የጮኸበት ቦታ ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጎንበስ አለና፣ ያ ለሁሉም መልስ የነበረው ሰው፣ እኔ እንኳ በግድ በሰማሁት ሹክሹክታ፣

«እንግዲያ እዚያ ብቻዋን አልነበረችማ» አለ።